የታችኛው ቱቦ

ክብሪትን ከማየቴ በፊት ጠላኋት ብል ውሸት ይሆንብኛል። አየኋት፣ ከላይ እስከ ታች ቃኘኋት፣ ከዚያ ነው የጠላኋት። ቀጭን ናት። ፀጉሯን በቀይ ሻሽ ጥብቅ አድርጋ ስለምትጠቀልል ከሩቅ ስትታይ ገና ያልተጫረች የክብሪት እንጨት ትመስል ነበር። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ስድብ መሆኑ ነበር። አባቴ ሰምቶ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ "ክብሪት" ይላት ጀመር። ስድቤን እንኳ ወስዳ ጌጥ አደረገችው።

የአባቴ ጋራዥ ከቤታችን ጀርባ ነበር። ከወጥ ቤቱ በር ስንወጣ የቆርቆሮው ጣሪያ ይጀምራል፤ ከሱ ሥር የተቃጠለ ዘይትና የጎማ ሽታ፣ በግድግዳው ላይ በቁመታቸው የተሰለፉ መፍቻዎች፣ በጥግ በኩል ደግሞ የእኔ ዙፋን። ዙፋኑ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ነው። አባቴ ከአሮጌ የመኪና ወንበር ወፍራም ስፖንጅ ቆርጦ፣ በሰማያዊ ሸራ ሸፍኖ መቀመጫ ሠርቶልኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እወረውርና እዚያ ላይ እሰየማለሁ። ደንበኞች "አለቃዋ ገባች" ይላሉ። እኔም አለቃ እንደሆንኩ አምን ነበር።

ጨዋታ ነበረን። መኪና ተሞክሮ ሲመለስ አባቴ ኮፈኑን ይከፍታል፣ መዳፉን አንድ ቦታ ላይ ያሳርፋል፣ ጥቂት ያዳምጣል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ዶክተር፣ በሽተኛ መጥቷል" ይላል። ከዙፋኔ ወርጄ እመጣለሁ። እጄን በእጁ ይዞ እዚያው እሱ የነካው ቦታ ላይ ያደርግልኛል።

"ትኩሳት አለው?"

"ትንሽ አለው።"

"ምን እንዘዝለት?"

"ውሃ።"

"የሠለጠነ ዶክተር እንዲህ ነው፤ መርፌ አይወድም።"

ከእማዬ ጋር የማልካፈለው ነገር ቢኖር ያ እጅ ነበር። ሸካራ ነው፣ በጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ቅባት አለው፣ ሲነካኝ ግን የሚሰበር ነገር እንደያዘ ሰው ነበር የሚይዘኝ። ቱቦዎቹንም ያስተማረኝ በዚያው እጅ ነው። የላይኛው ቱቦ ከሞተሩ የጋለውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል፤ ራዲያተሩ በንፋስ ያበርደዋል፤ የታችኛው የበረደውን ወደ ሞተሩ ይመልሳል። "የላይኛው ወሬኛ ነው" ይለኛል አባቴ፣ "ሁልጊዜ ተቃጠልኩ፣ ተቃጠልኩ ነው የሚለው። አንቺ የታችኛውን ጠይቂው።"

ቢጫዋ መኪና የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። የአንድ የጥርስ ሐኪም ንብረት ነበረች። ሆዷ መሬት ሊልስ የደረሰ፣ አፏ የሰፋ፣ ስትነሳ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የምታስጮህ የእሽቅድምድም መኪና። ሐኪሙ በሥራ ቀን ጥርስ ይነቅላል፣ በዕረፍቱ ከከተማ ውጭ ባለው የውድድር ሜዳ ላይ እሷን ይነዳል። ከተማ ውስጥ ጨዋ ናት። ሜዳው ላይ ግን ገና መሮጥ ስትጀምር ትፈላበታለች።

"አለቃ፣ ምን አድርጌ በደልኳት?" ይላል ሐኪሙ።

"እርስዎ ጥርስ ሲነቅሉ በሽተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ዶክተር። ይቺ የምትታከመው እየሮጠች ነው። ደግሞ ከሜዳ እንደገቡ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉት። ሞተሩ ሲጠፋ ውሃው መዞር ያቆማል፣ ብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን የትም አይሄድም። ሮጦ የመጣ ሰው ወዲያው አይዘረርም፤ ይንጎራደዳል። መጨረሻውን ዙር ቀስ ብለው ይንዱ።"

ሐኪሙ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቅና ይረሳዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ቢጫዋን ወደ ዳገቱ ነድቷት ተመለሰ። ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን የታችኛው ቱቦ ላይ አሳረፈ። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ የበረደ ነገር የነካ ሰው ፊት ነው። "ነይ ዶክተር" አለኝ። መጣሁ። እጄን ወስዶ በቱቦውና በመዳፉ መካከል አደረገው።

ጮህኩ። የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለና እጁን ወዲያው አላነሳም። ሁለተኛውን ጩኸት ሲሰማ ነው የለቀቀኝ። መዳፌ ቀልቶ ነበር። አባቴ የእኔን መዳፍ አየ፣ የራሱን አየ፣ ደግሞ የእኔን። የራሱን ከሰው እንደተዋሰው ዕቃ እያገላበጠ ነበር የሚያየው። የእሱም ቀልቷል። እሱ ግን ምንም አላለም፤ እኔ ነበርኩ ቤቱን በለቅሶ ያናወጥኩት። እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያዘልኝና በማላውቀው ድምፅ "ሁለተኛ ወደ ሞተር እንዳትጠጊ" አለኝ። ከዚያ ጠመኔ አንስቶ ከሳጥኔ ፊት መስመር አሰመረ።

እኔም ሕጉን በዚያች ደቂቃ አወቅሁት፤ ያለቀሰ ይባረራል።

ያን ዕለት ገና ሳይመሽ እናትና አባቴ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። ከበሩ ሥር ተቀምጬ የጫማዬን ክር እፈታ እቋጥር ነበር።

"አሳየኝ" አለች እማዬ። "ሁለቱንም።"

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አንተ ሰው?"

"ቆየት ብሏል።"

"ልጅቷ ትወቀው።"

"ምን ልበላት? ተይው። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። የሚታመን ሰው።"

ሌላ ሰው። የሚታመን። እኔ አልታመንም ማለት ነው፣ አልኩ። ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማሁም፤ የሰማሁት በቂዬ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ክብሪት መጣች። አጎቷ ራዲያተር በያጅ ነበር፤ ብየዳውን ከሱ ተምራለች፤ ቱታዋ የሰው ነው፣ እጅጌው ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ክንዷ ላይ ሌላ ክንድ ሠርቷል። አባቴ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ከጎኑ አያርቃትም።

"እጅሽን አድርጊ። የላይኛው ምን ይላል?"

"ይፋጃል ጋሼ።"

"የታችኛውስ?"

"እሱም ያው። ኧረ ተቃጠልኩ" ትልና እጇን እያራገበች ትስቃለች።

"ይለያያሉ?"

"ትንሽ። የላይኛው ለአፍታ እንኳ አያስይዝም፤ የታችኛውን ግን እስከ ሦስት ቆጥሬ እይዘዋለሁ።"

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያዳምጣት፤ ዘፈን እንደሚሰማ ሰው። እኔ ከመስመሩ ወዲህ፣ ዙፋኔ ላይ፣ ስፖንጁን በጥፍሬ እቦጫጭራለሁ። እሷ ተቃጠልኩ ስትል ማንም አያባርራትም። ለምን? ነገሩን አወጣሁ አወረድኩና ደረስኩበት። እሷ ስትቃጠል ትስቃለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። እንግዲያው አለማልቀስን መማር አለብኝ።

ተማርኩ። ሻይ ሲቀዳልኝ ብርጭቆውን በጆሮው ሳይሆን በሆዱ አንቄ እይዛለሁ። ገና ከውሃ የወጣ የተቀቀለ እንቁላል መዳፌ ውስጥ ጨብጬ በቤቱ እዞራለሁ። ቀትር ላይ ፀሐይ ያጋለውን የብረት በር ተደግፌ እቆማለሁ። ፊቴን ደግሞ በመስታወት ፊት አለማመድኩት፤ ዓይኔ እንዳይርገበገብ፣ ከንፈሬ እንዳይጣመም፣ እንደ ባዶ ሳህን።

"ምን ሆነሽ ነው ብርጭቆውን የጠላትሽን አንገት ይመስል ያነቅሽው?" አለችኝ እማዬ።

"በርዶኝ ነው።"

"በዚህ ሐሩር?"

የምቀናው በእጇ ብቻ አልነበረም። አባቴ ስፓና ሲወረውርላት ሳታይ በምትቀልብበት መንገድ ቀናሁ። ምሳ ሲበሉ ከአንድ ሳህን ላይ ቲማቲሙን ለእሷ በሚገፋበት መንገድ ቀናሁ። "ጋሼ፣ ያቺን ያዙልኝ" ስትለው እሺ ብሎ በሚይዝበት መንገድ። እኔ "አባዬ፣ ያዝልኝ" ብለው "ቆይ" ነው መልሱ። አሁን ሳስበው የሚይዘውን ነገር ሁሉ በዓይኑ እያየ ነበር የሚይዘው፤ ዓይኑን ካነሳ ከእጁ ይወድቃል። ያኔ ግን ያየሁት እሷ የሰጠችውን ሁሉ እንደ ዕንቁ ሲመለከት ብቻ ነው።

ወደ ውድድር ሜዳው የሚሄዱ ቀን እማዬ "እሷንም ውሰዳት" አለችው። "ቤት ውስጥ እንደ ድስት ስትንተከተክ ክዳኗ ዓይኔ ላይ ሊፈናጠር ነው።" የስፖንጅ መቀመጫዬን አቅፌ ገባሁ። የእቃ መኪናችን የፊት ወንበር አንድ ነው። እኔ መስኮቱ ጋ ሆንኩ፣ ክብሪት መሃል፣ ከአባቴ ጎን። መንገዱን ሙሉ ከደጅ በቀር ምንም አላየሁም።

ሜዳው የጋለ አስፋልትና የፍሬን ሽታ ነበረው። ከመንገዱ በላይ አየሩ እንደ ፈሳሽ ይንቀጠቀጣል። መኪኖቹ ሲያልፉ ድምፁ በደረት ይገባና በጥርስ ይወጣል። አባቴ በቢጫዋ መስኮት አጎንብሶ ለሐኪሙ የመጨረሻውን ይነግረዋል።

"የሙቀቱ ጌጅ መሃሉን ካለፈ የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት።"

"በዚህ ፀሐይ? ማሞቂያ?"

"ከሞተሩ ላይ ነው የሚስበው። እርስዎ ይላቡ፣ ሞተሩ ይብረድ። ሲጨርሱ አንድ ዙር ቀስ። ሲገቡም አያጥፉ።"

ሐኪሙ ወጣ፤ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። ሲመለስ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ቀልቶ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ ነበር። ማሞቂያውን አስታውሷል። ቀስ የሚለውን ዙር ግን አላስታወሰም፤ ከሩጫው በቀጥታ ገባና ቁልፉን አዞረ። አባቴ "አያጥ..." ሲል ሞተሩ ጠፍቷል።

ክብሪት ጀሪካኑን ልትሞላ ራቅ ወዳለው ቧንቧ ሄዳ ነበር።

አባቴ ኮፈኑን ከፈተ። ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። አጎንብሶ እጁን የታችኛው ቱቦ ላይ ሲያደርግ አየሁ። መስመር የለም፤ ጠመኔው ቤት ነው። ክብሪት የለችም። ይህን ቀን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። ተጠጋሁና እጄን ከእጁ ጎን፣ እዚያው ቱቦ ላይ አደረግሁ።

ሻይ አልነበረም። እንቁላልም አልነበረም። መጀመሪያ ቀዝቃዛ መሰለኝ፣ ከዚያ ሕመሙ በክንዴ ውስጥ ሮጦ ጆሮዬ ሥር ደረሰ። አላለቀስኩም። ፊቴን ባዶ ሳህን አደረግሁት። "ምን ይላል?" እስኪለኝ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ይፋጃል እላለሁ፣ ልክ እንደ ክብሪት፣ ስቄም ጭምር።

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። እጄን አየ። ፊቴን አየ፣ ለረጅም ጊዜ። ፈገግ አልኩለት።

"እሰይ" አለ በቀስታ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው። "በርዷል።" ከትከሻው ላይ ጨርቁን ወስዶ የራዲያተሩን ክዳን ያዘ።

ዛሬ ከዚያ ክዳን ሥር ምን እንዳለ አውቃለሁ። ከሚፈላ ውሃ በላይ የጋለ ውሃ ነው፤ እንፋሎት እንዳይሆን አፍኖ የያዘው ክዳኑ ብቻ ነው። ለደንበኞቼ ሁሉ ስናገረው እውላለሁ። ያኔ ያወቅሁት ግን አንድ ነገር ነው። አልጠየቀኝም።

"እጅህን አንሳ።"

ክብሪት ነበረች። ጋሼ አላለችም፣ እርስዎ አላለችም። ጀሪካኑን ጥላ በትከሻዋ መጥታ ስትገፋው አባቴ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። ክዳኑ መዞር ጀምሮ ነበር፤ ከጨርቁ ሥር ቀጭን እንፋሎት ፉጨት እያሰማ ወጣ፣ ክዳኑ ግን በመጀመሪያው ጥርሱ ላይ ያዘና ቆመ።

አባቴን መታችው። አንተ አለችው፤ እማዬና እኔ ብቻ የምንለውን። ልመታት ተነሳሁ፣ ግን ቡጢዬ አልጨበጥ አለኝ። ክብሪት እጄን በአየር ላይ ያዘችው፣ ጣቶቼን በቀስታ ዘረጋችና አንድ ቃል ሳትናገር ለአባቴ አሳየችው። መዳፌ ላይ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ተነፍቷል።

አባቴ አለቀሰ። እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ፣ ሐኪሙ የራስ ቁሩን አቅፎ ቆሞ እያየው። ደነገጥኩ። አጠገቡ ተንበርክኬ ማንም እንዳይሰማ በጆሮው "አባዬ፣ ዝም በል። ያባርሩሃል" አልኩት።

እሱም ባሰበት።

ሐኪሙ ጥርስ ይነቅል እንጂ ቁስልም ያውቃል፤ እጄን አጥቦ ጠቀለለልኝ። ሞተሩ እስኪበርድ ሁላችንም ጥላ ሥር ቁጭ አልን። ያን ጊዜ ነው አባቴ፣ ዓይኑ ገና ቀልቶ ሳለ፣ ቀና ሳይል ክብሪትን የጠየቃት።

"ክዳኑን ስይዝ ቱቦዎቹን ነክተሻል?"

"ከገፋሁዎት በኋላ። ሁለቱም አንድ ናቸው ጋሼ። የታችኛው እንደ ላይኛው ነው የሚጋረፈው።"

"እንደዚያ ከሆነ ውሃው እየዞረ ነው። ራዲያተሩ ነው የማያበርደው። በዚያ ሰፊ አፍ የሚገባው ንፋስ የት ነው የሚሄደው?"

ክብሪት በሆዷ ተኝታ ጭንቅላቷን ከመኪናዋ አፍ ሥር አስገባች። ከወዲያ ድምፅዋ መጣ፤ "በጎን ነው የሚያመልጠው። በራዲያተሩና በአፉ መካከል እጄ ያልፋል።" ንፋስ ሰነፍ ነው፤ በራዲያተሩ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ከመጨነቅ ክፍት በር ካገኘ በዚያ ይሄዳል። ክፍተቱ መደፈን አለበት። በምን? ላስቲክ የለም፣ ቆርቆሮ የለም። ሁሉም ዞሮ እኔ የተቀመጥኩበትን ማየት ጀመረ።

"ትሰጪናለሽ?" አለኝ አባቴ።

ለእሱ ሰጠሁት። እሱ ለእሷ ሰጣት። ክብሪት ሰማያዊውን ሸራ በቢላዋ ቀደደችው። ዙፋኔን በቀጭን በቀጭኑ ሸንሽና በራዲያተሩ ዙሪያ ጠቀጠቀችው፣ በፕላስተርም አሸገችው። ሐኪሙ እንደገና ወጣ። ዙር ከዙር በኋላ ቢጫዋ በፊታችን ስታልፍ አንድ ጣቱን በመስኮት እያወጣ፣ ጌጁ መሃል ላይ ነው፣ መሃል ላይ ነው ይለናል። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ገባ፤ ሞተሩንም አላጠፋም። ሰዎች መጥተው የክብሪትን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረጉ። ሞተሩን ያበረደው የማን መቀመጫ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ስንመለስ የታሰረውን እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችልኝ። እንዳላመሰግናት የተኛሁ መሰልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አባቴ ሞተር አልነካም። ጋራዡን የምታዝበት ክብሪት ሆነች፤ እሱ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአፉ ብቻ ይሠራል። ሌላ ልጅ ቢሆን ግራ ይገባው ነበር። እኔ ግን ፍርዱ ገብቶኛል። አልቅሷል፣ ተባሯል፤ ሕጉ ለእኔ ሠርቶ ለእሱ ሊቀር አይችልም። ብዙ ዓመት ይህን ይዤ አደግሁ።

እውነቱን ያወቅሁት አድጌ፣ አባቴ ምስማር የገባበት ጫማ አድርጎ ሲዞር በዋለ ጊዜ ነው። እማዬ ካልሲውን አሳየችኝ፤ ደም በደም። "እግሩ ነው ቀድሞ የሄደው፣ እጁ ተከተለ" አለችኝ። የስኳር በሽታው ቀስ በቀስ የሚሰማውን ነገር ሁሉ በልቶበታል። እኔ ያለቀስኩ ዕለት ቱቦው ለእሱ በእውነት በርዶ ነበር።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እምቢ አለኝ። ልጄ እጄን እንድትፈራው አልፈልግም አለኝ።"

አልፈራሁትም። የማልፈራው እጅ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ቆሜ አየሁ እንጂ።

ሙያውን ከማንም አልተማርኩም። ክብሪት ብጠይቃት ታስተምረኝ ነበር፤ ስለዚህ አልጠየቅኋትም። ከወዳደቀ ሞተር፣ ከተቀደደ የጥገና መጽሐፍ፣ ካበላሸሁትና መልሼ ካስተካከልኩት ነው የተማርኩት። ዛሬ ሜዳ ላይ የሚፈላ መኪና ያለው ሰው የእኔን በር ያንኳኳል፤ ራዲያተር ላሽግለት፣ ለዘይቱም ማብረጃ ልግጠምለት። የሙቀት መለኪያ መሣሪያም አለኝ። አባቴ ወንበሩን ወደ እኔ በር አዛውሯል።

በቅርቡ ክብሪት አንድ ቀይ መኪና እየነዳች መጣች። ሻሹ አሁንም ቀይ ነው፤ ከሥሩ የሚታየው ፀጉር ግን አመድ መስሏል። ከሜዳ ነው የምትመጣው፤ ሞተሩን ሳታጠፋ ኮፈኑን ከፈተች።

"ምክር ልጠይቅሽ አይደለም የመጣሁት" አለች።

"ብትጠይቂኝም በነፃ አልሰጥሽም።"

"አውቃለሁ። ሌላ እጅ ፈልጌ ነው። የእኔ ከብዛቱ ደድሯል፣ አላምነውም።"

መለኪያውን ላነሳ ዘወር ስል አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ ተናገረ። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ፊቱን ወደ ሞተሩ ድምፅ አዙሯል። ማንንም በስም አልጠራም።

"የታችኛው ምን ይላል?"

ክብሪት ከልማድ እጇን ዘረጋች። የእኔም ተዘርግቷል። ከቱቦው በላይ ተገናኙ። እሷ አየችኝ፣ ከዚያ የእሷን መልሳ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ያዝኩት። መዳፌ ውስጥ ያለው አሮጌ ጠባሳ ሳይቀር ነደደ። ፊቴን ባዶ ሳህን ላደርገው ቃጣኝና ተውኩት።

"ይፋጃል አባዬ" አልኩ እጄን እያራገፍኩ። "ያማል።"

"ጎሽ" አለ።

ቀና ብዬ ክብሪትን አየኋት። ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ያን ፊት ከመስታወቴ ስለማውቀው አልተሳሳትኩም፤ ቀንታለች። ደስ አለኝ።